የሹራቡ ምልክትና የጌታቸው ስም

መጀመሪያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ልጥራ። ጌታቸው፦ የጎንደር ሰው፣ ታፔላ ጸሐፊ፣ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብሮ የሠራ። አልጋነሽ፦ ሚስቱ፣ እዚሁ አስመራ ተወልዳ ያደገች፣ በዚያ ዘመን ጸጸራት ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ከሴት ልጇ ጋር ትኖር የነበረች። አቦይ ዘሚካኤል፦ የሲኒማ ቤት ሥዕል ሲስሉ ያረጁ፣ ገዛ ባንዳ የሚባለው ሰፈር ሰው፣ አንድ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ። ፍረወይኒ፦ ከሜዳ፣ ከትግሉ በረሃ፣ የመጣች ታጋይ፣ ዋሻ ውስጥ ፖስተር ስትስል የኖረች፣ ግራ ክንዷ ውስጥ የፈንጂ ፍንጣሪ የቀረባት። የሹራብ ፋብሪካው ማናጀር፦ እርሱም ከሜዳ የመጣ፤ ዛሬም በሕይወት ስላለና ልጆቹን ስለማውቃቸው ስሙን አልጽፍም። በመጨረሻ እኔ፣ መብራህቱ፦ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ የተውኩ፣ ፊደልንም ሥዕልንም ራሴን ያስተማርኩ፣ ሦስት ልጆችን በቀበቶና በምክር ያሳደግኩ። ከስድስታችን የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ የከፈልነው ግን ሁላችንም ነን።

ባለፈው ሳምንት ጎዳይፍ ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ወጣት የጎረቤቴን የብረት በር ሲቀባ ቆይቶ ብሩሹን ሊያጥብ የቀለም ማቅጠኛውን፣ የአኳራጃውን፣ ጣሳ ከፈተ። ሽታው መንገዱን ተሻግሮ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር፤ ልቤ እንደ ሌባ ልብ ይመታ ጀመር። ሌላው ሰው አኳራጃ ሲሸተው አዲስ ቤት፣ የበዓል ዋዜማ፣ የልጁ ሰርግ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን የሚሸተኝ የዚያን ዘመን ፍርሃት ነው። በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ የሚጠይቀኝ ሰው በሌለበት አገር፣ ጣቶቼን አየኋቸው፤ ቀለም እንዳለባቸው ለማረጋገጥ ይመስለኛል። አልነበረባቸውም።

ዘመኑ ከተማው ባለቤት የቀየረበት፣ የድሮው ጦር ወጥቶ ታጋዮቹ የገቡበት ዘመን ነበር። ዓመቱን መቁጠር ለሚወዱ ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ሻሂ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ፓኔ ዳቦ በአሥራ አምስት፣ የአንድ ኪሎ ቀለም ጣሳ በአሥራ አራት ብር እንደነበረ ነው። አመሻሹ ላይ ኮምቢሽታቶ ወደሚባለው አውራ ጎዳና ሕዝቡ ሁሉ ይወጣ ነበር። ታጋዮቹ በቁምጣና በላስቲክ ጫማ፣ ሴቶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንገዱ መሐል ሲሄዱ፣ እኛ ከተማ የቀረነው ትከሻው የሰፋ ኮታችንን ለብሰን በዘንባባዎቹ ጥግ እናልፍ ነበር። በየሳምንቱ ሰርግ ነበር፤ ዳሱ መንገድ ስለሚዘጋ አውቶቡሱ ፌርማታውን ትቶ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር። የካሴት ሱቆቹ በሜዳ የተቀዳውን ዘፈን፣ ከበስተጀርባው የነፋስ ድምፅ የሚሰማበትን፣ ቀኑን ሙሉ ያሰሙ ነበር። ትናንት ስንሰማው የነበረው የአማርኛ ካሴት ባንኮኒ ሥር ገብቶ ነበር፤ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ዝቅ ብሎ ሲጠይቅ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ከተማው ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። ደስታና ፍርሃት በአንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ የተማርኩት ያኔ ነው።

ለታፔላ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ዘመን መጥቶ አያውቅም። ሱቁ ሁሉ ስሙን በትግርኛ ማጻፍ ፈለገ። አንድ ፊደል በሁለት ብር ነበር የምንጽፈው። ጠዋት መሰላሌን ብስክሌቴ ላይ አስሬ እወጣለሁ፤ ራሴ በአማርኛ የጻፍኩትን ታፔላ ራሴ እፍቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በላዩ ላይ አዲሱን እጽፋለሁ። ገንዘብ እያገኘሁ ነበር። መሰላል ላይ በወጣሁ ቁጥር ግን ጀርባዬ ይቀዘቅዘኛል። ከታች የሚያልፈው ሰው ቀና ብሎ እጄን ያየው ይመስለኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባለፈው መንግሥት ጊዜ ቀበሌው እኔንና ጌታቸውን ጠርቶ መፈክር ያጽፈን ነበር። እንቢ ያለ የንግድ ፈቃዱን ያጣል፤ እኛ እንቢ አላልንም። ጌታቸው ከፍታ ያዞረዋል፤ ከሦስተኛው የመሰላል እርከን በላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሰሌዳውንና ጨርቁን መሬት ላይ ተቀምጦ እርሱ ይጽፋል፤ ግንቡን እኔ። በከተማው ያለ ረጅም ግንብ ሁሉ፣ ሦስት ሜትር የሚሆነው ቀይ ፊደል ሁሉ፣ የእኔ እጅ ነበር። የእኔ እጅ ደግሞ የሚታወቅ እጅ ነው። ልጅ ሳለሁ ከሱቆቹ ታፔላ ሥር ቆሜ በከሰል ስገለብጥ የሚደርሰኝ የፊደሉ እግር ብቻ ስለነበር፣ የፊደልን እግር ከታች ጀምሬ ወደ ላይ መሳብ ለመድኩ። ሠዓሊ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ እኔ ከታች ወደ ላይ። ቀለሙ በመጨረሻ አናቱ ላይ ይጠራቀምና እንደ ትንሽ ጉብታ ይደርቃል። አቦይ ዘሚካኤል «ይኸ ሰው ፊደል አይጽፍም፣ ዛፍ ይወጣል» እያሉ ሲስቁብኝ ኖረዋል። እኔ ግን ኩራት ነበረኝ። ቤት ከመሠረቱ ይጀመራል፤ ፊደልም እንደዚያው ነው እያልኩ ለልጆቼ አስተምር ነበር።

አዲሶቹ ሲገቡ ግንቦቹ ሁሉ በኖራ ተቀቡ። ከመቀባታቸው በፊት ግን አንዲት ታጋይ በየሰፈሩ እየዞረች የእያንዳንዱን ግንብ ጽሑፍ በደብተር ገልብጣለች ተባለ፤ ለታሪክ እንዲቀመጥ። ያቺ ታጋይ ፍረወይኒ ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ የእኔን ፊደል ስትገለብጥ ኖራለች ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰው ተጠርቶ ይሄድና ይመለስ ነበር፤ አንዳንዱም ተጠርቶ ሲመለስ ዝም ይል ነበር። እኔ ሳልጠራ ዝም አልኩ።

ጌታቸው የመጨረሻዎቹ የጦሩ ማኪናዎች ሲወጡ አብሮ ወጥቷል። ወታደር አልነበረም፤ ካድሬ አልነበረም፤ ነገር ግን ያን ቀን ቆሞ ይህን የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። አልጋነሽ ልጇ ታማባት ቀረች። ከዚያ ወዲያ ለባሏ መመለሻ ፈቃድ ጠየቀች። ሁለት ምስክር አምጪ አሏት፤ ሰውየው ጸሐፊ ብቻ እንደነበረ የሚመሰክሩ። አንዷ የቤት አከራይዋ ነበረች። ሁለተኛው እኔ እንድሆን ፈለገች። በየማክሰኞው ሱቄ ትመጣለች፤ ነጠላዋ ቀለም እንዳይነካው በሩ ላይ ትቆማለች።

«መብራህቱ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሁለት መስመር ብቻ ናት። ከእኔ ጋር ታፔላ ይጽፍ ነበር፣ ሌላ ሥራ አልነበረውም በልልኝ።»

«በሚመጣው ሳምንት» እላታለሁ።

«ሳምንት ባለፈውም ሳምንት ብለኸኛል። ሳምንት የሚባለው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?»

ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። የምፈራውን አልነገርኳትም። «ከጌታቸው ጋር ሠርቻለሁ» ብዬ ከፈረምኩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ምን ጻፋችሁ?» ነው።

በዚህ መሐል የሹራብ ፋብሪካው ማናጀር ጠራኝ። ፋብሪካው አሮጌ ነበር፤ ማሽኖቹ ጣሊያን የተዋቸው፣ ሠራተኞቹ ሴቶች። አዲስ ምልክት ይፈልግ ነበር፤ በሹራቡ አንገት ላይ የሚሰፋ፣ በካርቶኑም ላይ የሚታተም። አራት መቶ ብር እከፍላለሁ አለኝ። አራት መቶ ብር የሁለት መቶ ፊደል ዋጋ ነው። «ግን ብቻህን አይደለም» አለ። «ሁለት ሌሎች ሠዓሊዎች ያዩታል፤ በሜዳ ሥርዓት እናየዋለን።» ሥርዓቱን አስረዳኝ። ሠሪው ሥራውን ያስቀምጣል፣ ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ጉድለቱን ይናገራሉ፤ በመጨረሻ ሠሪው ጉድለቱን በራሱ አፍ ይናገራል። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ሂስና ግለ ሂስ ማለት ነው። ባለፈው መንግሥትም ይኸው ነበረን፣ በሌላ ቋንቋ፤ በዚያኛው የት እንደሚያደርስ አይቻለሁ። «እሺ ጓድ» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። ማናጀሩ በሰፈሩ የተመላሾችን ማመልከቻ የሚያየው ኮሚቴ አባል እንደነበረም አውቅ ነበር። ሠዓሊዎቹ እነማን ናቸው ስለው «አቦይ ዘሚካኤልና ታጋይ ፍረወይኒ» አለኝ። እንቢ ማለት ይቻል ነበር። ግን እንቢ ያለ ሰው ለምን እንቢ እንዳለ ይጠየቃል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አቦይ ዘሚካኤል ቤት፣ ገዛ ባንዳ ተሰበሰብን። ግድግዳው ላይ የድሮ ሲኒማ ሴቶች ፊታቸው እየላጠ ይስቁ ነበር። ሥዕሌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የክር ድውር የጫነ ግመል ነው፤ ከሥሩ የፋብሪካው ስም በትግርኛ።

አቦይ ዘሚካኤል ወረቀቱን ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠጉት። «ግመል» አሉ። «በዚህ ወር ብቻ አምስተኛው ነው። ሳሙናው ላይ ግመል፣ ዱቄቱ ላይ ግመል፣ የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ግመል። እንዲህ ከቀጠልን ለከተማው ሣር አይበቃም።»

«ግመል እኮ በሜዳ ጥይት ተሸክሞ ታግሏል፣ አቦይ» አለ ማናጀሩ።

«ታግሏል። ይረፍ እንጂ ታዲያ።»

ማናጀሩ ሳቀ። ፍረወይኒ አልሳቀችም። ግመሉን አላየችውም፤ የምታየው ፊደሉን ነበር። ቀጭን ሴት ናት፤ ያኔ ከሠላሳ አትበልጥም፤ የወንድ ሸሚዝ ለብሳ ግራ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች።

«ይህን ፊደል ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«እግሩን ከታች ነው የምትጀምረው?»

«ቤትም ከመሠረቱ ይጀመራል» አልኩ። የለመድኩት መልስ ነው።

«ፊደል ቤት አይደለም» አለች። «ቀለም ወደ ታች ይወርዳል፤ አንተ ወደ ላይ ትገፋዋለህ። አናቱ ላይ ተጠራቅሟል፤ እየው።» ጥፍሯን ጉብታው ላይ አሳረፈች፤ ቆየችበት። «ግመሉን አውጣው። ፊደሉን ከላይ ወደ ታች ጽፈህ አምጣ።»

ግለ ሂስህን ተናገር ሲሉኝ «ግመሉ በዝቷል» አልኩ። ሳቁ፤ ተጻፈ። እኔ ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው፤ ብስክሌቴን አቦይ ዘሚካኤል በር ላይ ረስቻት።

ያን ሳምንት በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ፊደል ከላይ ወደ ታች ለመሳብ ሞከርኩ። ከልጅነት ጀምሮ የለመደ እጅ በሳምንት አይመለስም። አስቤ ስስብ ይንቀጠቀጣል፤ ሳላስብ ስስብ ከታች ይነሳል። ማኪና ደጃፌ ሲያዘግም ብሩሼን አኳራጃ ውስጥ እከታለሁ፣ ሥራ የጨረስኩ ለመምሰል። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል፣ ሰው ሞተ?» አለችኝ። «ሥራ ነው» አልኳት። ከልጆቼ አንዱ ሰሐን ሰብሮ እኔ አይደለሁም ሲል በቀበቶ መታሁት፤ ስብራቱ አይደለም፣ ውሸቱ ነው ያናደደኝ አልኩት። ይህን የነገርኩት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ዋሸሁ።

ሁለተኛው ስብሰባ በፋብሪካው፣ በማናጀሩ ቢሮ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኖቹ ይንኳኳሉ። ግመሉን አውጥቼ የክር ድውርና ሁለት የተመሳቀሉ የሹራብ መርፌዎች ስዬ ነበር።

«መርፌዎቹ ጠመንጃ ይመስላሉ» አለች ፍረወይኒ። «የተመሳቀለ ጠመንጃ በቂ አይተናል።»

አቦይ ዘሚካኤል ቀጠሉ። «ይህ የሚሰፋው አንገት ላይ ነው፣ ስፋቱ የአውራ ጣት ጥፍር ነው። አንተ የሲኒማ ሸራ አስመስለኸዋል፤ ያ የእኔ በሽታ ነበር፣ መቼ ተጋባብህ? ሰው ይህን የሚያየው ሹራብ ሲያወልቅ፣ ጸጉሩ ዓይኑ ላይ ወድቆ፣ በአንድ ዓይን ነው። እኔን አስበህ ሣል።»

ትክክል ነበሩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ እያለኝ እሰማቸው ነበር፤ ራሱን ያስተማረ ሰው ጉድለቱን በነፃ የሚነግረው አያገኝም። ያን ቀን ግን ጆሮዬ የፍረወይኒን ቦርሳ ነበር የሚጠብቀው። ከፈተችው። ጠርዙ የተበላ ግራጫ ደብተር አውጥታ ሳትገልጠው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ፊደሉ ያው ነው» አለች። «ይህን እጅ የት እንዳየሁት ታውቃለህ?»

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ሥርዓቱም ሠሪው ዝም ይበል ነው የሚለው። እኔ ግን ተናገርኩ።

«ጌታቸው የሚባል ሰው ነው ያስተማረኝ። ግንቦቹን ሁሉ የጻፈው እርሱ ነው። አማራ ነው፤ ሄዷል። እኔ መሰላል ብቻ ነበር የምይዝለት።»

ማናጀሩ ብዕሩን አነሳ። «ጌታቸው ማን?»

የአባቱን ስም ጨመርኩ። የአልጋነሽ ማመልከቻ በዚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልፍ በዚያች ደቂቃ አላሰብኩም ብል አንባቢዬ ያምነኝ ነበር። አስቤዋለሁ። አስቤው ነው የጨመርኩት። ፍርሃት ሰውን ሞኝ ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ እኔን ፈጣንና ጠንቃቃ ነው ያደረገኝ። የሄደ ሰው ምን ይሆናል? ብዬ ሒሳቤን ሠርቼ ጨርሻለሁ።

አቦይ ዘሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ፍረወይኒ እጇ ደብተሩ ላይ ነበር፤ አልገለጠችውም።

«ግለ ሂስህ ቀርቷል» አለችኝ።

«ፊደሉ የተዋስኩት ነው፤ ጉድለቴ ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው?»

«እወ፣ ይኸው ነው።»

«እሺ። በሚመጣው ቅዳሜ ትጨርሰዋለህ።» ስለ ምልክቱ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አልጋነሽ መጣች። ቀኗ ማክሰኞ ስለነበር ሐሙስ ስትመጣ ሳያት አንድ ነገር እንደሆነ ገባኝ። በሩ ላይ አልቆመችም፤ ገባች፤ ነጠላዋ እርጥቡን ታፔላ ነካ።

«ተከለከለ» አለች። «ትናንት ውሳኔውን ነግረውኛል። ግንብ ጽፏል፣ የመፈክሩ ሁሉ ጸሐፊ ነው አሉኝ። ጌታቸው? ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር የማይችለው ሰውዬ? ስስቅ ተቆጡኝ። ማን ነው እንዲህ ያለው፣ መብራህቱ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«አንተ ልትመሰክርለት ነበር። ሳምንት ስትል...» አልጨረሰችውም። ነጠላዋ ላይ ያረፈውን ሰማያዊ ቀለም አየች። አኳራጃ በጨርቅ አድርጌ ልጠርግላት ተነሳሁ፤ «ተወው» ብላ ወጣች። ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚሸተኝ።

ያን ቀንና በማግሥቱ ሥራ አልሄድኩም። ምልክቱን ሣልኩ። ድውሩን ተውኩት፣ መርፌውን ተውኩት፣ ፊደሉን ተውኩት። አንዲት የክር ዙር ብቻ ቀረች፤ ሹራብ የሚጀመርባት የመጀመሪያዋ ዙር፣ ከላይ ወርዳ ተጠማዝዛ ራሷን የምታልፍ። በአንድ የብሩሽ ጉዞ፣ ከላይ ወደ ታች ሣልኳት። እጄ ስለተንቀጠቀጠ መስመሯም ተንቀጠቀጠች። ሃምሳ ጊዜ ሞከርኩ፤ ሃምሳውም ተንቀጠቀጡ።

በሦስተኛው ቅዳሜ እዚያው ማናጀሩ ቢሮ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። አቦይ ዘሚካኤል ዓይናቸውን አስጠጉ፤ አራቁ፤ እንደገና አስጠጉ።

«አሁን ገና ሣልክ» አሉ። «መስመሩ ተንቀጥቅጧል፤ እንዳትነካው፤ ክር እንዲህ ነው። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ፊደል በሁለት ብር ስንል ኖረናል፤ ፊደል የሌለው ሥራ በነፃ ነው እንዴ?»

ማናጀሩ ሳቀና «አራት መቶው አራት መቶ ነው፣ አቦይ» አለ። ፍረወይኒ የዙሯን ጅራት በጥፍር ያህል እንዳሳጥር ነገረችኝ፤ ካጠረ በትንሹ ሲሰፋም ይነበባል አለች። ልክ ነበረች፤ እዚያው በምላጭ ፍቄ አሳጠርኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ተራህ ነው።»

ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ግንቦቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁሉንም። ጌታቸው አንድ ግንብ አልጻፈም። ከፍታ ያዞረዋል። ፈርቼ ነው በእርሱ ያሳበብኩት።»

ለመታሰር ተዘጋጅቼ ነበር። ለባለቤቴ ሳልነግራት ጠዋት ወፍራም ካልሲዬን አድርጌ ነበር የወጣሁት። ፍረወይኒ ደብተሩን ገለጠች። ገጹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንዱ በኩል የሰሌዳና የጨርቅ ጽሑፎች፣ በሌላው የግንቦቹ። በግንቦቹ በኩል አናት ላይ በእርሳስ «ከታች የሚጀምረው» ተብሎ ተጽፏል። ስሜን ሳታውቅ የሰጠችኝ ስም ነው።

«በመጀመሪያው ቅዳሜ አውቄሃለሁ» አለች።

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት ለምን ዝም አልሽ?»

«ግለ ሂስ ለሌላ ሰው አይደረግም። ሰው ጉድለቱን ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል፤ እኛ እንዲህ ነው የኖርነው። ሳምንት ይበቃዋል ብዬ ነበር።»

አቦይ ዘሚካኤል ወረቀቱን እያዩ ተናገሩ። «እኔም አውቅ ነበር። ሃያ ዓመት የሳቅሁበት እጅ ነው፣ እንዴት አላውቀው? ካወጣሁ ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ።»

«ማነው የሚወስደው?» አለ ማናጀሩ። የተናደደ ሰው ድምፅ ነበረው። «ግንብ የጻፈ ሁሉ የሚጠየቅ ከሆነ ቀለም የሸጠውስ? መሰላል ያከራየውስ? ሰው እንጀራ ይፈልጋል፤ ይህን ለማወቅ ሜዳ መውጣት አያስፈልግም። ማንም አይፈልግህም ነበር፣ ሓወይ።»

ቃለ ጉባኤውን አወጣ። የጌታቸው ስም ያለበትን መስመር በማስመሪያ ሰርዞ ፈረመበት። መስመሩ ግን ከሥር ይነበብ ነበር። «የተከለከሉት ዝርዝር ረቡዕ ወደ ላይ ሄዷል» አለ። «የተከለከለ ማመልከቻ እንደገና የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። እጽፋለሁ፤ አልዋሽህም፣ ቶሎ አይመለስም።»

አራት ሰዎች ነበርን፤ ሦስታችን እውነቱን እያወቅን፣ አንዱ ሳያውቅ፣ አንድ ሰው ከሚስቱ አስቀርተናል። እኔ በፍርሃት፣ አቦይ ዘሚካኤል በርኅራኄ፣ ፍረወይኒ በሥርዓት፣ ማናጀሩ የተጻፈውን አክባሪ በመሆኑ። ልጆቼን ሳሳድግ ውሸት የአንድ ሰው ኃጢአት ነው እያልኩ አስተምሬያቸዋለሁ። ተሳስቼ አስተምሬያቸዋለሁ። ውሸቴ ብቻዋን ሩቅ አትሄድም ነበር፤ በደግ ሰዎች ዝምታ ላይ ተቀምጣ ነው የሄደችው።

ከዚያ በቀጥታ ጸጸራት ሄድኩ። አልጋነሽ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ በዚያ ሥራ ነበር የምትተዳደረው። ልጅቷ ውጭ ትጫወት ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአባቱን ስም መጨመሬን ሳይቀር። ካውያውን አንስታ በቂጡ አቆመችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ከምልክቱ ስንት አገኘህ?»

«አራት መቶ ብር።»

«አምጣው።»

ማናጀሩ ያን ዕለት የከፈለኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቆጥራ ሣጥን ውስጥ አስገባችው።

«ዓመቱን ብትጠብቂ ማናጀሩ...»

«አልጠብቅም» አለች። «ከዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ይፈራል።»

በሁለተኛው ሳምንት ከልጇ ጋር ወደ ባሏ ሄደች። የተወለደችበትን ከተማ ትታ ማለት ነው። ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ልሸከምላት ስል አልከለከለችኝም፤ አላመሰገነችኝምም። መስኮት ጋ ተቀምጣ ልጅቷን ወደ ውጭ እንዳታይ በነጠላዋ ሸፈነቻት።

ምልክቱ ብዙ ዓመት ኖረ። ፌርማታ ላይ ከፊቴ የቆመ ሰው የሹራቡ አንገት ተገልብጦ ዙሯን ሳያት ፊቴን አዞር ነበር። ሰዎች ጥሩ ምልክት ነው ይሉ ነበር፤ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊደል ከታች ጀምሬ አላውቅም፤ እጄ ከዚያ ሳምንት በኋላ ራሱ ትቶታል። ከዓመታት በኋላ ከጌታቸው አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በዚያ በሚያምር እጁ፣ ከላይ ወደ ታች። ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቀ፤ የቀለም ዋጋ ስንት ደረሰ አለ፤ ለአቦይ ዘሚካኤል ሰላምታ ላከ። አልጋነሽ እንዳልነገረችው ከሰላምታው ብዛት ገባኝ። መልስ ሳልጽፍለት ሞቱን ሰማሁ። ይህን በእርሱ ቋንቋ የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ ልጆቼም በአማርኛም ቢሆን ያነቡታል።

አልጋነሽና ልጇ ለሄዱበት ጉዞ የወጣውን እርሷ ራሷ ፊቴ ደምራዋለች፤ አልረሳሁትም። ከእኔ አራት መቶ ብር። አቦይ ዘሚካኤል አሮጌ የሥዕል ማቆሚያቸውን ሸጠው ስድሳ። ታጋዮች ያኔ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ፍረወይኒ ከኪስ ገንዘቧ ሃያ አምስት ብር በፖስታ ላከች፣ ወረቀት አልጨመረችበትም። ማናጀሩ ከራሱ ሃያ። አልጋነሽ አልጋዋንና ቁም ሣጥኗን ሸጣ ሦስት መቶ አሥር። በድምሩ ስምንት መቶ አሥራ አምስት ብር።